ችግኟን ማን አሳደጋት?

የቡና ታሪክ በተነሣ ቁጥር ፍየሎች ይቀድማሉ። እረኛው ካልዲ፣ ቀይዋ ፍሬ፣ የፍየሎቹ ጭፈራ፣ ከዚያ መነኮሳቱ... ከልጅ እስከ አዋቂ የማያውቀው የለም። ለነገሩ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ያሳተመው ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል የማሮናውያን ሊቅ ነው፤ ካልዲ የሚለው ስም የተጨመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ተረቱን አልጠላውም። አንድ ነገሩ ግን ይጎረብጠኛል። ቡናን በአንድ ጠዋት የተገኘች ሲሳይ ያደርጋታል። አየናት፣ ቀመስናት፣ የእኛ ሆነች፣ አለቀ! ማን ዘራት? ማን አጠጣት? ማን ከፀሐይ ከለላት? ተረቱ ይህን አይጠይቅም።

ቡና ያሳደገ ሰው ግን ታሪኩን በዚህ መንገድ አይጀምርም። እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ግቢያቸው ሰፋ ያለ ሰዎች ጓሮ ሁለት ሦስት እግር ቡና ማየት ብርቅ አይደለም። ለእነሱ ቡናዋ የጓሮ ጌጥ ናት። ወደ ደቡብ ወረድ ብላችሁ ይርጋለምን፣ አለታ ወንዶን ስትደርሱ ግን ቡና ከእንሰት ጎን ቆማ የቤተሰቡን ኑሮ የምትሸከም ናት። የዚያ አካባቢ እናቶችን ስለ ቡና ብትጠይቋቸው ስለ ፍየል ሳይሆን ስለ ችግኝ ነው የሚያወሩላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቡና አበቃቀሏ ያናድዳል። ባቄላ ዘርታችሁ በሳምንት በሁለት ሳምንት ብቅ ይልላችኋል። ቡና ከአፈር ለመውጣት ብቻ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ትፈልጋለች፤ አገሩ ብርዳም ከሆነ ከዚያም በላይ። ስትወጣም ፍሬዋን እንደ ቆብ አናቷ ላይ እንደደፋች፣ የክብሪት እንጨት መስላ ነው። ቆቡ ወልቆ ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ እስኪዘረጉ ደግሞ ሌላ ጥበቃ አለ። ከዚያ በኋላ ወራት ዳስ ሥር ትቀመጣለች። ውኃ ሲበዛባት ግንዷ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲያንሳት ትጠወልጋለች። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ካገኛት ቅጠሏ ይቃጠላል፤ ጥላ ከበዛባት ደግሞ ቀጥና ትመዘዛለች። ቀጭጫ ያያት ሰው አዝኖ ፍግ ይጨምርላታል፤ በደንብ ያልበሰለ ፍግ ሥሯን ይፈጀዋል። ብዙ ጊዜ አሳዳጊዋ ማድረግ ያለባት ነገር ቢኖር እጇን ሰብስባ መታገሥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ግን ለዓይን አይታይም። ችግኟ ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ስትዛወር ዋናው ሥር ከታጠፈ ቅጠሏ ምንም አይናገርም። ያው እንደ እኩዮቿ ለምልማ ትተከላለች። የምትደርቀው ሦስት አራት ዓመት ቆይታ፣ ፍሬ መሸከም ስትጀምር፣ ዝናብ ሲያጥር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰማዩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የተፈጸመው ችግኝ ጣቢያው ውስጥ፣ በአንዲት የችኮላ ደቂቃ ነው።

እንግዲህ የቡናን ታሪክ ከዚህ በኩል እንየው። ቡና ከእኛ ባሕር ተሻግራ የመን ገባች። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት ይጠጧት ነበር። የመኖች በተራራ እርከን ላይ አሳደጓት፤ ለዓለምም ሸጧት። ቀጥለው ሆላንዶች ወደ ጃቫ ወሰዷት። እ.ኤ.አ. በ1696 የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ችግኞች በጎርፍ ጠፉ። ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1699 እንደገና ሞከሩ፤ ያዘላቸው። በ1706 ከጃቫ የተላከች ተክል አምስተርዳም የዕፀዋት ማሳደጊያ ደረሰች። እስቲ አስቡት፤ በረዶ በሚጥልበት አገር! መስታወት ቤት ውስጥ፣ እሳት እየነደደላት፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠብቃ አደገች።

እ.ኤ.አ. በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት አንዲት ወጣት ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ አበረከቱ። ፓሪስም በንጉሡ የዕፀዋት ሥፍራ እንዲሁ ተንከባከበቻት። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ጋብሪኤል ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን የዚህችን ተክል ዘር ችግኝ በመስታወት ሣጥን ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሳፈረ። መርከቡ ላይ ውኃ አልቆ በመስፈሪያ ሲታደል፣ ድርሻውን ከችግኟ ጋር ይካፈል እንደነበር ራሱ ከዓመታት በኋላ ጽፏል። ጉራ ይኑርበትም አይኑርበት፣ ሰውዬው አንድ ነገር ገብቶታል፤ ለአንዲት ችግኝ መጠማት እንደሚያዋጣ።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ ያስቀናል። ተከትሎት የመጣው ግን አያስቀናም። የዛሬዋ ሃይቲ፣ ያን ጊዜ ሴንት ዶሚንግ የምትባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ በ1780ዎቹ መጨረሻ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር። ያመረቱት ደግሞ ከአፍሪካ ተግዘው በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ተክሏም አፍሪካዊት፣ ጉልበቱም አፍሪካዊ፤ ትርፉ ብቻ አልነበረም።

ስሙስ? ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሏን «ኮፊያ አራቢካ» አላት። የዓረብ ቡና ማለቱ ነው። በስንፍና አልነበረም። አውሮፓ የሚያውቃት ከየመን ነበር፤ የመን አሳድጋ ሸጣታለችና። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። የወለደ ሳይሆን ያሳደገ ነው ስም የሚያወጣው።

ይህ ሕግ ዛሬም አልተሻረም። በ1930ዎቹ ከምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያና በታንጋኒካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። ምርቱ ትንሽ፣ ቅርንጫፉም ተሰባሪ ስለነበር ገበሬዎች ብዙም አልወደዱትም። የታገሡት ግን በ2004 የፓናማን ውድድር አሸነፉበት፤ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጦ ለዚያ ጊዜ ክብረ ወሰን ሆነ። ዛሬ «ጌይሻ» ሲባል የዓለም ቡና ጠጪ መጀመሪያ የሚያስበው ፓናማን ነው። እኛም በስማችን ለመጠቀም መታገል የጀመርነው ያኔ ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞን፣ ይርጋጨፌንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከስታርባክስ ጋር ከተካሄደ ሙግት በኋላ በ2007 ስምምነት ተደረሰ።

ታዲያ እኛ አሳድገን አናውቅም ወይ? እናውቃለን እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬው ገና በአረንጓዴነቱ ጠቁሮ ይረግፍ ጀመር። ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከ1869 ጀምሮ በቅጠል ዋግ ቡናዋን አጥታ ወደ ሻይ የዞረችውን የሚያውቅ ሰው ምን ሊመጣ እንደሚችል ይገባዋል። እኛ ግን ሌሎች የሌላቸው ነገር ነበረን፤ ጫካ። የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታው በፈጃቸው ቦታዎች እየዞሩ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች ለዩ፤ ፍሬያቸውን ለቀሙ፤ ችግኝ አፈሉ፤ ፈተኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው ደረሱ። ከእነዚህ መካከል 74110 እና 74112 ዛሬም በሲዳማ ጓሮዎች አሉ። 74 ማለት እናት ዛፎቹ የተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው።

እዚህ ላይ ሳልስቅ አላልፍም። ፓናማ ያሳደገችው ስም አገኘ፤ እኛ ራሳችን አሳድገን ከመጥፋት ያዳነው ቁጥር! እነዚያን ችግኞች ያጠጡ እጆች ደግሞ ቁጥር እንኳ የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው ከሲዳማ ነው። የአንዱ ፓውንድ ዋጋ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ደረሰ። አጨበጨብን፤ ደግ አደረግን። ያ ስኒ ላይ የደረሰው ጣዕም ግን የተጀመረው ከዓመታት በፊት፣ አንድ ሰው ዳስ ሥር ጎንበስ ብሎ ሥሩ እንዳይታጠፍ ሲጠነቀቅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረን። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እንቆጥራለን። መትከል መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የምንቆጥረው የካልዲን ቆጠራ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ የአንድ ጠዋት ጭፈራ። ችግኝ የሚተከልበት ቀን የሥራው መካከል እንጂ መጀመሪያው አይደለም፤ መጨረሻውም ሦስት አራት ዓመት ይርቃል። በቴሌቪዥን የሚታየው አካፋ የያዘው ባለሥልጣን ነው። ከእርሱ በፊት ወራት ውኃ የተሸከመችው ሴት ግን የት አለች? የቀን ክፍያዋ ስንት ነው? ለጸደቀው ችግኝ ነው የሚከፈላት ወይስ ለተቆጠረው? ለተቆጠረው ከሆነ ሥሩ ታጠፈ አልታጠፈ ምን ቸገራት?

ስለዚህ የሚመለከታቸውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው ክረምት የተተከለውን ስትነግሩን፣ ከአራት ዓመት በፊት ከተተከለው ስንቱ እንደቆመም አብራችሁ ንገሩን። የችግኝ ጣቢያዋንም ሴት በስሟ ጥሩልን።