ደቻቱና ሐዲዱ

በወንዝ ዳር የተቈረቈሩ የፋብሪካ ከተሞች ታሪክ በየአገሩ ሲነበብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ውሃው መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ መፍተያውን ያንቀሳቅሳል፣ መፍተያው ሠራተኛ ይጠራል፣ ሠራተኛውም ጎጆውን ቀልሶ ከተማ ይሆናል። ድሬዳዋ ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣች ናት። በመካከሏ የሚያልፈው ደቻቱ ከዓመት እስከ ዓመት በአብዛኛው ውሃ የማይታይበት፣ ሕፃናት ኳስ የሚያንከባልሉበትና ግመሎች የሚሻገሩበት ሰፊ የአሸዋ ጎዳና እንጂ፣ ወፍጮ የሚያዞር ወንዝ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ከተማዪቱን ከሁለት የከፈላት፣ ገበያዋን በዳርቻው ያስቀመጠላት፣ ነዋሪዋም በየክረምቱ ጆሮውን አቅንቶ እንዲተኛ ያስተማረው እርሱ ነው። ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ሲባል ሁልጊዜ እንሰማለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ባቡሩ ከወለዳት ዘንድ ደቻቱ እንደ እንጀራ አባት አሳድጓታል፤ ሲመቸው ዝም ብሎ፣ ሲከፋው መትቶ።

ስለ ስሟ የሚነገረው ብሂል ብዙ ነው። ኦሮሞዎቹ ቃሉን ከመድኃኒት ጋር አያይዘው የፈውስ ሜዳ ማለት ነው ይላሉ፤ ሶማሌዎቹ በበኩላቸው ዲር የተባለው የጎሳ አባት ጦሩን የተከለበት ስፍራ ነው ብለው ይተርኩታል። በሁለቱ መካከል ፍርድ መስጠት የእኔ ፈንታ አይደለም፤ ዳሩ ግን ክርክሩ ራሱ የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ። ባዶ መሬት ስም የሚከራከርበት የለውምና፣ ሐዲዱ ከመድረሱ በፊትም ይህ ቈላ ከብት የሚሰማራበት፣ አሸዋው ተምሶ ውሃ የሚቀዳበት፣ ከአንድ በላይ የሆነ ሕዝብ የእኔ ነው የሚለው ስፍራ ነበር ማለት ነው። ነገሩን እጅግ ወደ ኋላ ለመመለስ ለሚሻም፣ ቴያር ደ ሻርዳን የተባለው ሊቅ ካህንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የተባለው ጀብደኛ መርከበኛ በ1921 ዓ.ም. በከተማዪቱ አጠገብ ከገደል ላይ ያገኙት የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ፤ በውስጡ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ሰው በዚህ ሸለቆ ላይ ዓይኑን የጣለው ዛሬ ወይም ትናንት እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ለመሥራት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ በውሉ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው መድረሻ ሐረር ነበር እንጂ ድሬዳዋ የሚባል ስም አልነበረም። ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር መግባት፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ መዝለቅ ነበር የታሰበው። ነገር ግን በ1890 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ መሐንዲሶቹ በረሃውን አልፈው ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ፣ ሐረር ያለችበትን ደጋ ቀና ብለው ተመልክተው፣ ከ1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ በጥቂት ርቀት ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሐዲድ መዘርጋት የኩባንያውን ካዝና የሚያደርቅ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ መንገዱ ተራራውን በስተግራ ትቶ በቈላው እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ለሐረርም ከግርጌዋ ምትክ ጣቢያ እንዲሠራላት ሆነ። ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. በወርኃ ታኅሣሥ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ስፍራውን «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሙት። ስሙ ግን አልያዘም፤ የከብት አርቢው ስም የንጉሡን ስም አሸነፈ።

ለከተማዪቱ ከባቡሩ መምጣት ይልቅ መቆሙ በጀ ብዬ አምናለሁ። ድሬዳዋ እንደ ደረሰ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝም በሐዲዱ ላይ ማን ይዘዝ በሚል ተናከሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ ወደ ባዕድ መንግሥት እጅ ሲሸጋገር አይተው ተቈጡ፤ የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። በሌላ ኩባንያ ሥራው እስኪቀጥል ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ወደ መሀል አገር የሚሄደው ጨርቅ፣ ጠመንጃና ብረት በድሬዳዋ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ ከመሀል አገር የሚመጣው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስም በድሬዳዋ ከጀርባ ወርዶ በፉርጎ ይጫን ነበር። የሚጭንና የሚያወርድ፣ የሚቀርጥና የሚመዝን፣ የሚያበድርና የሚያሳድር በአንድ ስፍራ ሲከማች ከተማ አለመሆን አይቻልም። ሐዲዱ ሳይቆም ሽቅብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ድሬዳዋ ባቡር ውሃ የሚጠጣባት አንዲት ጣቢያ ሆና በቀረች ነበር። የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ነውና፣ ቀድሞ የሐረር ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚለዋውጥባት ጊልዴሳ በዚያው ጊዜ ደብዝዛ ቀረች፤ የዘይላ ወደብም ሞገሱ ተገፈፈ።

ከተማዪቱ ስትሠራ ደቻቱ በመካከል ነበር፤ ማንም ያላማከረው ዳኛ ሆኖ ሁለት መንደር አደረጋት። በምዕራቡ ዳር የኩባንያው መሐንዲሶች በገመድ ለክተው፣ ጎዳናዎቹን ቀጥ አድርገው፣ ጣቢያውንና የሹማምንቱን ቤት በዛፍ ጥላ ሥር አሰልፈው ከዚራን ሠሩ፤ ስሙ ደሴት ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው ይላሉ፤ እውነትም በአሸዋ ባሕር ዳር ያለች ደሴት ትመስል ነበር። በምሥራቁ ዳር ደግሞ ማንም ሳይለካ መጋላ በቀለች፤ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ዐረቡና ሕንዱ ግንብ ከግንብ አስጠግተው፣ ግመል ተጭኖ የሚያልፍበትን ስፋት ብቻ ለመንገድ ትተው ሰፈሩባት። የአቢሲኒያ ባንክ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ግሪኩና አርመኑ ሆቴልና ሱቅ አቆሙ፤ ከላይ የጠቀስነው ሞንፍሬድም ከባሕር ሲመለስ በዚሁ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከለ። ያን ጊዜ ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበርና፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚገባው። አልጋና እራት ለከተማዪቱ ከዋና ዋና ገቢዎቿ አንዱ ሆኑ፤ ሕዝቧ ለእንግዳ ያለው ግልጽነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በየማታው አዲስ ፊት የሚያይ ሰው ባዕድን መፍራት ይረሳል። «አቦ!» እያለ የሚጣራው የድሬ ልጅ፣ በአንድ ቀን ውስጥ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን እያቀያየረ ሲናገር ልሳን የለወጠ እንኳ አይመስለውም።

እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በከተማዪቱ ፋብሪካ ይባል የነበረው በዋነኛው የባቡሩ መጠገኛ ነበር። በዚያ ቀጥቃጩ፣ ቀራጩ፣ በያጁና ቀለም ቀቢው ከፈረንሳዊ አለቃ ሥር ሙያ ቀሰሙ፤ ለዘመናት ከእጅ ባለሙያ ጋር መጋባትን ያፍር በነበረው አገር፣ ብረት ቀጥቅጦ ማደር የሚያስከብር ሥራ ሆነ። ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የምድር ባቡር ሠራተኛ ደመወዙ በወር የሚቈጠር፣ ልጁን ፈረንሳይኛ የሚያስተምር፣ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ የሚያይ ሰው ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲወርዱ ያለፉት በዚሁ ሠራተኛ እጅ በሚነዳው ሐዲድ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የጣልያን ጦሮች የተገናኙት በድሬዳዋ ነበር። ጠላት በቈየበት ዘመን የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካ ተተከሉ፤ የጥጡን ሕዝቡ «ኮተኒ» ብሎ ጠራው፣ ሰፈሩም በዚያው ስም ቀረ። ከተማዪቱ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ብዙም ሳይቈይ የባቡሩ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሠራተኛ እንዲደራጅ የሚፈቅደው ሕግ በአገሪቱ የወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ መሆኑን ስናስብ፣ ድሬዳዋ ከሕጉ ቀድማ መሄዷ ይታወቃል።

እነዚህ ፋብሪካዎች ሁሉ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ውሃውም በወንዙ ላይ የለም። የድሬዳዋ ውሃ ከመሬት በታች ነው፤ በሳቢያን ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ከደጋው ሰርጎ የወረደውን ወደ ላይ እየሳቡ ፋብሪካውንም ቤቱንም ያጠጣሉ። እንግዲህ ነዋሪው የሚጠጣውና የሚፈራው ከአንድ ደጋ የወረደ ዝናም ነው፤ አንዱ ቀስ ብሎ በምድር ሆድ ውስጥ፣ ሌላው በአሸዋው ላይ እየሮጠ።

ከሙቀቱ ጋር የተስማማው አኗኗርም የራሱ ሥርዓት አለው። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይገባል፤ ከተማዪቱ እንደገና የምትነቃው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። በኒም ዛፎች ሥር ጋሪው ይቆማል፤ በቀፊራ ዐረባዊ ቅስት ባለው የገበያ ግንብ ሥር ሴቶቹ ፍራፍሬና ቅመም ይዘረጋሉ፤ ማታም ሙሸበክ የተባለው ጣፋጭና ሳምቡሳው ሲጠበስ ሽታው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይሻገራል። በጋለ ሌሊት አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ከዋክብት እያየ የሚተኛው ብዙ ነው። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ሌላ ሕዝብ ይመጣል፤ ራስ መኰንን የመሠረቱትን የቁልቢ ገብርኤልን በዓል በ19ኛው ቀን ለማክበር የሚወጣው ምእመን በባቡር ዘመን በድሬዳዋ ወርዶ በዚያ ሽቅብ ይጓዝ ነበርና፣ ከተማዪቱ ለጥቂት ቀናት በአብዛኛው እስላም የሆነው መጋላ ሳይቀር ስለት የያዘ መንገደኛ ይመግብ ነበር።

ወደ ደቻቱ ልመለስ። የዚህ ወንዝ ጠባይ ለሚያውቀው እንጂ ለእንግዳ አይገባም፤ ሞላ የሚያሰኘው ዝናም በከተማዪቱ ላይ አይዘንብምና ነው። ደመናው በደቡብ በደንገጎ አፋፍና ከዚያም ወዲያ ባለው ደጋ ላይ ያርፋል፤ በድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት እየታዩ፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ግን ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ጥቂት ሰዓት ያጓራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሽኒሌ ቈላ ወርዶ በበረሃው ይጠፋል፤ በማግስቱ አሸዋው እንደ ነበረው ይተኛል። ዛፉ ተመንጥሮ ተራራው ሲራቈት ውሃውን የሚያዘገይ ነገር ጠፋ፤ ከተማዪቱም ስትሰፋ ድኻው ቤቱን ወደ ወንዙ አፋፍ፣ ከአፋፉም ወደ ውስጥ አስጠጋ። ሞኝ ነው ብለው የሚፈርዱበት አሉ። ለዓመታት ደረቅ ሆኖ ያየውን መሬት፣ ሌላ መሬት የማይገዛበት ሰው ቢሰፍርበት ስንፍና ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ማየ አይኅ መጣ። ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ብዙዎቹ አስከሬናቸው እንኳ ሳይገኝ ከአሸዋው ጋር ወረዱ፤ በሺህ የሚቈጠር ሰውም ያለ መጠለያ ቀረ። ያ ሌሊት ለድሬዳዋ የዘመን መቍጠሪያ ሆኗል፤ ልጇ መቼ እንደ ተወለደ የምትጠየቅ እናት «ከጎርፉ በፊት» ወይም «ከጎርፉ በኋላ» ስትል ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ደቻቱ እንደ ከዚራ ጎዳናዎች በገመድ ተለክቶ በአጥር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለአንድ መቶ ዓመት ከተማዪቱን ሲከፍል የኖረው ወንዝ በተራው ተከለለ።

የሐዲዱ ነገር ደግሞ ሌላ ሆነ። የአንድ ሜትር ስፋት የነበረው አሮጌው መንገድ አርጅቶ ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. በመስከረም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማዪቱ ውጭ በተሠራለት ጣቢያ ያልፋል። በመጠገኛው ውስጥ መዶሻና መፍቻ በቦታቸው፣ ሎኮሞቲፎቹ በቆሙበት ናቸው፤ ከቀድሞ ሠራተኞች የሚገኘው ጡረተኛ እንግዳ ሲመጣለት የእያንዳንዱን ማሽን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራል። ባቡሩ ሄደ፤ ወንዙ ግን አለ። በአሸዋ ገበያ ያሉት ነጋዴዎች ማልደው ሸራቸውን ወጥረው ዕቃቸውን ይደረድራሉ፤ ሰማዩ በላያቸው ጥርት ያለ ነው፤ ከመካከላቸው ያረጀችው ግን ሚዛኗን ከማንሣቷ በፊት ወደ ደንገጎ ቀና ብላ ታያለች።