የእናት ነጠላ
ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ አረጋዊ ሲጦሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከሻንጣቸው የማያጡት ልብስ ነው። የራሳቸውን ልጆች ለአያት አደራ ሰጥተው ነው የሄዱት።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዋና የዕረፍት ቀን እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዓርብ ስለነበር፣ ብዙዎቹ የሚያስቀድሱት ዓርብ ነበር። የሳምንት ዕረፍት ለቤት ሠራተኞች በሕግ የተደነገገው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈቃድ ያላገኘች በሰው ቤት ጓዳ ቆማ ትጸልያለች።

ጥለቱን ልብ ይበሉ። በደኅና ቀን ወደ ታች ይወርዳል፤ የወላጅ መርዶ በስልክ ሲደርስ ግን ወደ አንገት ይዞራል። ቀብር መድረስ ላልቻለች ልጅ ሐዘኗን የምትገልጽበት ይኸው ነው።

እናትዎ ወይም እህትዎ ከእነርሱ አንዷ ከሆነች፣ ስሟን በጸሎትዎ ያስቡ።