አፈወርቅ ተክሌና የታላላቅ ሰዎች ምስል

አፈወርቅ ተክሌ በ20ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የታዋቂ ሰዎችን ምስል ከአደባባይ ሥራ ጋር ካዋሐዱት ሠዓልያንና ቀራፅያን መካከል ግንባር ቀደሙ ናቸው። ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወልደው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አርፈዋል። ሌሎቹ ዓመታት ከዚህ በታች የሚጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ንጉሥ፣ መኳንንትና አሠሪ ከቅዱሳን ጎን ወይም ከእግራቸው ሥር መሣላቸው የቆየ ልማድ ነው። የተሣለው ሰው ማንነት የሚለየው ግን ከመልኩ ይልቅ በልብሱ፣ በአጃቢዎቹና በአጠገቡ በሚጻፈው ስሙ ነበር። የግለሰብን መልክ አስመስሎ በዘይት ቀለም የመሣል ሙያ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በፓሪስ የተማሩት አገኘሁ እንግዳ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው። አፈወርቅ የመጡት በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ይሁንና ነባሩን ልማድ አልተዉትም።

በ1947 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። እዚያ ዝንባሌያቸው ወደ ሥነ ጥበብ ስላመዘነ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በኋላም በስሌድ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅና ሥነ ሕንፃ አጠኑ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ቀጥለውም ወደ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ግሪክ ተጉዘው የባለቀለም መስታወት ሥራን ተማሩ፤ በአውሮፓ አብያተ መጻሕፍት ያሉ የኢትዮጵያ ብራናዎችንም መረመሩ።

ከጉዞው መልስ ዋና አሠሪያቸው መንግሥት ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕልና ሞዛይክ ሠሩ። በሐረር የቆመው የራስ መኰንን ፈረሰኛ ሐውልትም የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። ራስ መኰንን የሐረርጌ ገዥና የዓድዋ አዝማች፣ የንጉሠ ነገሥቱም አባት ነበሩ። በ1906 ስላረፉ ቀራፂው በዓይናቸው አላዩዋቸውም። ስለዚህ የሐውልቱ ዓላማ መልክን ከመመዝገብ ይልቅ ማዕረግን በአደባባይ ማቆም ነበር ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም መስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በ3 ክፍል ያሳያል፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። እዚህ የታሪኩ ባለቤት አንድ መሪ መሆኑ ቀርቶ ሕዝብ ሆኗል። በ«እናት ኢትዮጵያ» ሥዕልም አገር በሴት አካል ተመስላለች። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በሥነ ጥበብ ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበሉ።

በ1974 ዘውዱ ሲወድቅ የቤተ መንግሥት ደጋፊነት ቢቀርም፣ አፈወርቅ በአገር ውስጥ ሆነው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ለዚህ የግል ስቱዲዮአቸው ቪላ አልፋ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። የጎንደርን አብያተ መንግሥት አሠራር የሚያስታውሰው ባለ 22 ክፍሉ ቪላ አልፋ በአንድ ጊዜ መኖሪያ፣ የሥራ ቦታና የሥዕል ማሳያ ነበር። በ1981 የራሳቸው ምስል በፍሎረንስ ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ቋሚ ስብስብ ውስጥ ገባ። የቤተ ሥዕሉ የሠዓልያን የራስ ምስል ስብስብ በ17ኛው መቶ ዓመት በካርዲናል ሌኦፖልዶ ዴ ሜዲቺ የተጀመረ ሲሆን፣ ከአፍሪካውያን ሠዓልያን ወደዚያ ለመግባት አፈወርቅ የመጀመሪያው ናቸው።

የእነዚህ ሥራዎች ዕጣ አንድ አልሆነም። የራስ መኰንን ሐውልት በ2020 በተነሣው ሁከት ከመቆሚያው ወድቆ ፈርሷል፤ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ግን በቦታው አለ። በአደባባይ የቆመ ምስል ከቀራፂው ችሎታ ባልተናነሰ በምስሉ ባለቤት ስም ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን የሐረሩ ሐውልት ያሳያል። ከአፈወርቅ ሥራዎች መካከል ከአሠሪዎቻቸው ዕድል ጋር ሳይታሰሩ ጸንተው የቆዩት በአንድ ገዥ ስም ያልቆሙት ሥራዎች ናቸው።