ያለ እንደራሴ ግብር ስለ ተጠየቁ ሰዎች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1765፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅ በነገሠ በ5ኛው ዓመት፣ የለንደን ፓርላማ በባሕር ማዶ በአሜሪካ ባሉት የእንግሊዝ ግዛቶች በሚኖሩ ሰዎች ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለ። እንግሊዝ ፈረንሳይን ድል ብታደርግም የጦርነቱ ዕዳ ከብዶባት ነበርና። የውል ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ፣ ጋዜጣ፣ የመጫወቻ ካርታ እንኳ ሳይቀር ቀረጥ ይከፈልበት ተባለ።

የአሜሪካም ሰዎች እጅግ ተቆጡ። ያስቆጣቸው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ፓርላማ የመረጡት አንድ እንደራሴ ስላልነበራቸው ነው እንጂ። የንጉሡ ሹማምንት ግን፣ የፓርላማው አባል ሁሉ ለመላው ግዛት ያስባል፤ በእንግሊዝም እንደራሴ የሌለው ከተማ ብዙ ነው ብለው መለሱ። ይህ መልስ ፍርድ የጎደለው ነበር። በአሜሪካ ላይ ግብር የሚጥል የለንደን ሰው ግብሩን ራሱ አይከፍልም፤ እንዲያውም የእርሱ ሸክም ይቀልለታል።

በቦስተንም ሕዝቡ የቴምብሩን ሹም የአንድሩ ኦሊቨርን ምስል ሠርቶ ዛፍ ላይ ሰቀለ፤ ሹሙም ፈርቶ ሹመቱን ተወ። ከ9 ግዛቶች የተላኩ ሰዎች በኒውዮርክ ተሰብስበው ለንጉሡና ለፓርላማው አቤቱታ ጻፉ። በ1766 ቀረጡ ተሻረ፤ ዳሩ ግን ፓርላማው በዚያው ጊዜ፣ በአሜሪካ ላይ በማናቸውም ነገር ሕግ ለማውጣት ሥልጣን አለኝ ብሎ ደነገገ። ስለዚህ ጠቡ አልበረደም። በ1773 የቦስተን ሰዎች ፓርላማው ቀረጥ የጣለበትን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ፤ በ1775ም ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት ሆነ።

በዚሁ ዘመን የተደረገውን ሌላ ነገር ሳይጽፉ ማለፍ ግፍ ነው። በማሳቹሴትስ፣ ዳርትማውዝ በምትባል አገር ፖል ከፊ የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ። አባቱ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዶ ኋላ ነፃ የወጣ፣ እናቱም ከአገሩ ነባር ሕዝብ የተወለደች ናት። በ1780 እርሱና ወንድሙ ጆን ከሌሎች ጥቁሮች ጋራ ሆነው ለማሳቹሴትስ ሸንጎ አቤት አሉ፦ ግብር እንጠየቃለን፤ ግብሩን የሚጥሉትን ለመምረጥ ግን ድምፅ የለንም፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች ይህንኑ የመሰለ በደል ለመከላከል ወደ ጦር ሜዳ ወጥተዋል አሉ። ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያ ሸንጎ ሊያስተውለው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን የለመኑትን አልፈጸመላቸውም። ሁለቱ ወንድማማቾችም ግብር አልከፈላችሁም ተብለው በዚያው ዓመት መጨረሻ በታንተን ወኅኒ ታሰሩ። በ1781 ለከተማቸው ሹማምንት እንደ ገና አመለከቱ፤ ከተጠየቁትም ያነሰ ግብር ከፍለው ነገሩ ተዘጋ። ድምፁ ግን በዚያ ጊዜ አልተሰጣቸውም።