ፖም ወደ ጓሮአችን የመጣበት መንገድ

ባለፈው ስብሰባችን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትመጣ አንዲት አባላችን አንድ ዘንቢል ፖም ይዛ መጣች። ግማሹ ተቀጥቅጦ ጠቁሯል፤ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። «ልጆቹ በዱላ አወረዱት። አሁን ይህን ማን ይገዛኛል?» አለችን። መልስ የሰጣት አልነበረም። እንሰት መፋቅን፣ ቡላ ማውጣትን ከእናቶቻችን ተምረናል፤ ስለ ፖም ያስተማረችን እናት ግን የለችም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው።

ስሙም ቢሆን እንግዳ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት በመኃልየ መኃልይ ለዚህ ፍሬ የመረጡለት ቃል «እንኮይ» ነው። እንኮይ ግን የራሳችን የዱር ፍሬ ነው። አንባቢው የሚያውቀውን ፍሬ ቢሰጡት አይፈረድባቸውም።

ፖም ወደ እኛ አካባቢ የዘለቀው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ነው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተባረሩ፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሱ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ጨንቻ ላይ የፖም ችግኝ ተከሉ። ዛፉ ለብዙ ዓመታት ከሚሲዮኑ ግቢና ከጥቂት ሰዎች ጓሮ ሳይወጣ ቆየ። ወደ ገበሬው በስፋት የደረሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ በዚህም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው።

ሚሲዮናውያኑ መጀመሪያ የገቡት ሶዶ ሆኖ ሳለ ፖሙ ለምን ጨንቻ ላይ ጸደቀ? ምክንያቱ ብርድ ነው። ፖም በተወለደበት አገር ክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በቂ ብርድ ካላገኘ አበባው አይፈነዳም። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ሶዶ ከተማ ግን 2,000 ሜትር ገደማ። ስለዚህ በወላይታ ፖም የሚስማማው እንደ ዳሞታ ባሉ ከፍታዎች ነው። በኋላ እስራኤል ውስጥ የተገኘችው «አና» እና ከባሃማስ የመጣችው «ዶርሴት ጎልደን» ብዙ ብርድ የማይጠይቁ በመሆናቸው ለእኛ ቢጤ ተስፋ ሰጥተዋል። ሆኖም «አና» ብቻዋን ብትተከል ደህና አታፈራም፤ «ዶርሴት» አጠገቧ ያስፈልጋታል። ጎረቤታሞች ተማክረው አንዷ አንዱን፣ ሌላዋ ሌላውን ቢተክሉ ንቦቹ አጥር አይከለክላቸውም።

ከጨንቻ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ብዙ ገንዘብ ያስገኘው ፍሬው ብቻ ሳይሆን ችግኙም ነው። ችግኝ ሲፈለግ ሻጭ ይበዛል፤ ሻጭ ሲበዛ ደግሞ ሁሉም እውነተኛ አይሆንም። እኛም ከቁጠባችን አውጥተን የተዳቀለ ነው የተባለ ችግኝ ገዝተን ነበር። ዛፎቹ ሽቅብ ረዘሙ እንጂ አላፈሩም። አሁን ስንገዛ ከግንዱ በታች ዝቅ ብለን የተዳቀለበትን ጠባሳ እናያለን። ሥሩ ከአንድ ዝርያ፣ ላዩ ከሌላ መሆን አለበት፤ ዛፉን አጭር አድርጎ በእጅ የሚደረስ የሚያደርገውም ሥሩ ነው።

ስለ ለቀማው ደግሞ ይህን ተምረናል። ዱላ አይነካውም። ፖሙን በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ ቀና እያደረጉ ትንሽ ማዞር ነው፤ የደረሰ ከሆነ ከነእንጨቱ እሺ ብሎ ይመጣል፤ እምቢ ካለ ይቆይ። አንዱን ቆርጦ ዘሩን ማየትም ይቻላል፤ የበሰለው ፍሬ ዘር ቡናማ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይደርስ በየጥቂት ቀኑ መመለስ ያስፈልጋል። ደህናውን በቀዝቃዛ ቦታ ሳይነካካ መደርደር፣ የተቀጠቀጠውን ለይቶ ቶሎ መጠቀም ነው። ጥሬ አቮካዶ ያላት እኅት አንድ የበሰለ ፖም ከአቮካዶው ጋር በከረጢት ብትዘጋ ቶሎ ይበስልላታል።

ከጠቆረው ውስጥ ደህናውን ክፍል ቆርጠን ማርማላታ ሠርተናል። ለአንድ ኪሎ ፖም ግማሽ ኪሎ ስኳር ይበቃል። ልጣጩንና ጥሬውን አትጣሉ፤ ማርማላታውን የሚያረጋው እሱ ነው። ስኳሩ ከተወደደ (ያልተወደደበትን ጊዜ እንጃ) በስሱ ቆርጦ ሎሚ የነካ ውኃ ውስጥ ነክሮ በፀሐይ ማድረቅ ይሻላል።

ለደጋፊዎቻችንም ለራሳችንም ግልጽ ማድረግ የምንፈልገው ጉዳይ ገንዘቡ ነው። ጓሮውን ፍግና አመድ ተሸክመን ያለማነው እኛ ነን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በእኩልነት ያስተዳድሩ ብሏል፤ የክልሎችም ሕጎች ተከትለውታል። የሕጉ መለወጥ ግን የገበያውን ልማድ ወዲያው አልለወጠውም። እንሰቱ «የሴት» ተብሎ ሲቀር ቡናው ወደ ባል ኪስ ሲገባ አይተናል። ፖምም ዋጋ ባወጣ ማግስት ወደዚያው እንዳይሄድ እንሰጋለን። ለጊፋታ ወንዶቹ ለበሬ ሲቆጥቡ እኛ ለቅቤ እንቆጥባለን፤ የቅቤውን ገንዘብ የሚነካብን የለም። የፖሙንም ገንዘብ እንዲሁ በማኅበሩ ደብተር ለመያዝ ከየባሎቻችን ጋር ተነጋግረናል። አንዳንዶቹ ወዲያው ተስማሙ፤ አንዳንዶቹ ገና እያሰቡ ነው።

ያቺ ዘንቢል ያመጣችው አባላችን ከጠቆረው ፖም አምስት ትንንሽ ጠርሙስ ማርማላታ ወጣላት። ሁለቱን ለልጆቿ አስቀርታ ሦስቱን ሸጠች። ገንዘቡ በስሟ ገብቷል፤ ልጆቹም ዱላውን ለከብት ብቻ እንዲይዙ ተነግሯቸዋል።