ዲስኩን የጠየቀው ማን ነው? ቨርቹዋል ማሽንና የማከማቻ መረብ ከረሖቮት ሲታዩ

በረሖቮት፣ በዋይዝማን የሳይንስ ኢንስቲትዩት ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 የተገነባው ዋይዛክ የተባለው ኮምፒውተር ማስታወሻው የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ነበር። ከበሮው እያንዳንዳቸው 40 ቢት የሆኑ 1,024 ቃላት ይይዝ ነበር፤ ዛሬ 5 ኪሎ ባይት የምንለው መሆኑ ነው። በኋላ 4,096 ቃላት የሚይዝ ፈጣን የማግኔት ቀለበት ማስታወሻ ተተካበት። ሐይም ፔከሪስን የመሰሉ ሳይንቲስቶች የውቅያኖሶችን ሙላትና ጉድለት ያሰሉት በእንዲህ ያለ አቅም ነው። እኔን ከመጠኑ ይልቅ የሚስበኝ በዚያ ዘመን ያልነበረ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ማሽን አንድ ከበሮ ነበረው፤ «ዳታውን የጠየቀው ማን ነው?» የሚል አልነበረም።

ዛሬ ዲስኮች ከሰርቨሩ ወጥተው በራሳቸው ካቢኔት ይሰበሰባሉ፤ በፋይበር ቻናል ወይም በአይስካዚ መረብ አማካይነት ብዙ ሰርቨሮችን ያገለግላሉ። ከካቢኔቱ ተቆርጦ የሚሰጠው ድርሻ፣ ባለሙያው ሉን የሚለው፣ ለሰርቨሩ ከውስጡ እንደተሰካ ዲስክ ሆኖ ይታየዋል። የመረቡ ጥበቃ በአብዛኛው በስም ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ የፋይበር ቻናል ካርድ 64 ቢት የሆነ የራሱ መለያ አለው፤ የመረቡ ስዊች ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ካቢኔቱም የትኛውን ሉን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስኑት በዚህ መለያ ነው። በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠረው ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን፣ ግን የራሱ ካርድ የለውም። ከአንድ ካርድ ኋላ ሃያ ቨርቹዋል ማሽኖች ቢኖሩ ካቢኔቱ የሚያውቀው አንድ ጠያቂ ብቻ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ሃይፐርቫይዘሩ፣ ትልቁን ሉን ራሱ ይዞ የእያንዳንዱን ማሽን ዲስክ እንደ ፋይል ማስቀመጡ ነው። ለአብዛኛው ሥራ የምመርጠው ይህንን ነው። ችግሩ ብዙ ሰርቨሮች አንዱን ሉን ሲጋሩ ይመጣል። ሃይፐርቫይዘር የሚሠራው የቪኤምዌር የፋይል ሥርዓት ቀድሞ አንድ ፋይል ለመፍጠር ወይም ለማስፋት ሙሉውን ሉን ለአፍታ ይቆልፍ ነበር፤ በርካታ ማሽኖች ባንድ ጊዜ ሲነሡ ሌሎቹ ሰርቨሮች በር ላይ ይሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ካቢኔቱ ራሱ «ይህ ብሎክ ካልተለወጠ ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ስለሚፈጽም ቁልፉ ከሙሉው ሉን ወደ አንድ ብሎክ ጠቧል።

ሁለተኛው መንገድ ሉኑን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽኑ መስጠት ነው፤ የጋራ ዲስክ የሚሹ የክላስተር ሶፍትዌሮች ይህን ሊፈልጉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ኤንፒአይቪ የሚባለው ዘዴ ይመጣል። አንዱ ካርድ ከስዊቹ ተጨማሪ አድራሻዎች ይጠይቃል፤ ማሽኑ የራሱ መለያ ያገኛል፤ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወርም መለያውን ይዞ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በቪኤምዌር አሠራር የሰርቨሩ እውነተኛ ካርድም ያንኑ ሉን ማየት አለበት። ስለዚህ ኤንፒአይቪ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ለመለየት ይረዳል እንጂ ማሽኑን ከሰርቨሩ አያገልለውም። ለደኅንነት ብለው የሚተክሉት ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት እመኛለሁ።

ጥያቄውን ከሥሩ የለወጠው አይስካዚ ይመስለኛል። የዲስክ ትእዛዞችን በተራ የኢንተርኔት መረብ የሚያጓጉዘው ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 በመደበኛ ሰነድ ሲወጣ ከአዘጋጆቹ ቀዳሚው በሐይፋ የአይቢኤም ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበረው ጁሊያን ሳትራን ነው። በአይስካዚ የጠያቂው ስም በካርድ ላይ የታተመ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑም በራሱ ስም ሊቀርብ ይችላል። ዋጋው የማከማቻው መረብ ለቨርቹዋል ማሽኑ ክፍት መሆኑ ነው። 

እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳኤል የዋይዝማንን ግቢ መታ፤ የሕይወት ሳይንስ ላቦራቶሪዎች ወደሙ፤ ለዓመታት የተጠራቀሙ የምርምር ናሙናዎችም ጠፉ። ናሙና ቅጂ ላይኖረው ይችላል፤ ዳታ ግን ሊኖረው ይችላል። አንድ ሰርቨር ቢሞት ቨርቹዋል ማሽኑ ከማከማቻው ተነሥቶ በሌላው ላይ ይቀጥላል፤ ካቢኔቱ ከነሕንፃው ከጠፋ ግን የሰርቨሮቹ ብዛት ምንም አይፈይድም። ቅጂው ሩቅ መሆን አለበት፤ ርቀት ደግሞ ጊዜ ይበላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከረሖቮት እስከ ሐይፋ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ እያንዳንዱ ጽሕፈት ሐይፋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ቢጠበቅ ቢያንስ 1 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። እያንዳንዱን መዝገብ አጽድቆ ወደሚቀጥለው ለሚያልፍ የዳታ ቋት ይህ በሰከንድ ከ1,000 የማይበልጥ ጣሪያ ነው።

ስለዚህ ሁሉን እንዲህ መልስ እየጠበቁ መቅዳት አያዋጣም፤ መምረጥ ግድ ነው። ሲመረጥ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ብዙ ካቢኔቶች የሚቀዱት ሉን ነውና። የዘረመል መዝገብ የያዘው ማሽንና ለአንድ ሳምንት ሙከራ የተነሣው ማሽን በአንድ ሉን ከተቀመጡ ሁለቱም አብረው ወደ ሐይፋ ይጓዛሉ፤ መስመሩንም እኩል ይሻማሉ። ሉን ከመቁረጡ በፊት የትኛው ማሽን ያለ ቅጂ ሊኖር እንደማይችል ተመራማሪዎቹን መጠየቅ የማከማቻው ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራ ነው።