ሥራው ሲሄድ የሚቀር ወረቀት

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሥራ ፍለጋና ከሥራ ስለ መፈናቀል እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ የምኖርባትን የጋምቤላን ታሪክ መረጥኩ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሥራ ነው፤ ሥራው ሲሄድ የሚሆነውንም ደጋግማ አይታለች።

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ ነበር። ሲመለሱ ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። የአቢሲኒያ ባንክ ሳይቀር ወኪል ቢሮ ከፍቶ ነበር። በበጋ ግን ባሮ ይጎድላል፣ ጀልባው ይቀራል፣ የጫኝና አውራጁም እንጀራ አብሮ ይቋረጣል። ሱዳን ነጻ ስትወጣ ጣቢያው በጥቅምት 1949 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወደቡ ንግድ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉልን በአብዛኛው ቆንስሎችና ነጋዴዎች ናቸው። ጆንያውን የተሸከሙት ሰዎች ስም እምብዛም አልተጻፈም።

በደርግ ዘመን በሶቪየት እርዳታ አቦቦ ላይ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። 10 ሺህ ሄክታር ያጠጣል የተባለው ውሃ ለዓመታት ያለ ሥራ ተኛ።

ወደኛ ባች ልምጣ። በ2003 የሕንዱ ካሩቱሪ 100 ሺህ ሄክታር በሊዝ ወሰደ፤ ወደ 300 ሺህ ያድጋል ተባለ። የኪራዩ ዋጋ በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ነበር። በ2004 መጀመሪያ ጎርፍ በቆሎውን በላው፣ በ2008 ደግሞ መንግሥት ውሉን ሰረዘ። ያኔ የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው ተባለ።

በዚያ ሞቅታ እኔም ስሙን መጥራት የማልፈልገው ሌላ አነስተኛ የግል እርሻ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ። አንድ ሰኞ ስንመጣ ቢሮው ተቆልፏል፤ ሥራ አስኪያጁም ማህተሙም የሉም። ሥራ ማጣቱን ቻልኩት፤ ይበልጥ ያንገበገበኝ የወረቀቱ ነገር ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «2 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» ይላል፤ ከግል ድርጅት ከሆነም ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠይቃል። ያን ሁሉ ፀሐይ በልቼ፣ በወረቀት ዜሮ ዓመት ሆንኩ።

ያተረፈኝ አንድ ክላሰር ነው። የቅጥር ደብዳቤዬንና የደመወዝ ደረሰኞቼን አልጣልኩም ነበር። ደግነቱ ግብሩም ተከፍሎ ስለነበር ከገቢዎች ማስረጃ አገኘሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ መምህርም ለአዲሱ ቀጣሪ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ስምንት ወር ፈጀብኝ እንጂ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። አብረውኝ ከነበሩት መካከል ወረቀት ያልያዙት ከዜሮ ጀመሩ፤ በችሎታ ግን ከኔ አያንሱም ነበር።

ከ2006 በኋላ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ወደ ክልሉ ሲያመጣ፣ ለተመራቂ ትልቁ ቀጣሪ የእርዳታ ድርጅት ሆነ። በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ውሎች በየቦታው ተቋረጡ። የኛ ዩኒቨርሲቲ ልጆችም ቤቴ መጥተው «ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» ይሉኛል። ምንም አላጠፋችሁም። ጋምቤላ ውስጥ ሥራ እንደ ባሮ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ መጉደሉ የዋናተኛው ስንፍና አይደለም።

እንዲህ ሲጎድል ግን በእጅ የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ማህተሙ ቢሮ ውስጥ ሳለ፣ በየዓመቱ ጠይቁ። ለውለታ መስሏችሁ አትፈሩ፤ መብታችሁ ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየባቹ ማን የት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ የሚመዘገብበት፣ የደብዳቤ ቅጂም የሚቀመጥበት መዝገብ እንክፈት። መምህራኖቻችንም ቀጣሪ ስለ ተማሪያቸው ሲጠይቃቸው ፈጥነው ይመልሱ። የወደቡ ጫኞች ስም ተረስቷል፤ የኛ ልጆች ድካም ግን ከድርጅቱ በር ጋር አብሮ መቆለፍ የለበትም።